የሲስተር ሸዋዬ ሁለት መልሶች

ሲስተር ሸዋዬ መርሳ ላይ ስንት ሕፃን እንደተቀበለች አታውቅም። መቁጠር የተወችው ድሮ ነው። ከአስፋልቱ ዳር ማንጎና ፓፓያ ከሚሸጡት ልጃገረዶች ብዙዎቹ በእጇ እንደተወለዱ ግን ታውቃለች። የምታስታውሳቸውም በስማቸው ሳይሆን በአመጣጣቸው ነው።

«ያቺ በእግሯ የመጣችው ናት» ትላለች በአገጯ እየጠቆመች። «አሁንም እንደዚያው ግትር ናት። ከዋጋዋ ንቅንቅ አትልም።»

ይህን ስትል አትስቅም። ለሳቅ የሚሆን ጉልበት ቆጥባ ለሌላ ነገር የምታውለው ይመስላል።

ባሏ ሰለሞን ደሴ ከተማ ውስጥ መምህር ነው። ልጃቸው ኤደን ለትምህርት ስትደርስ «ለጊዜው» ተብሎ አባቷ ዘንድ ሄደች፤ ጊዜው ግን ሳያልቅ ቀረ። ኤደን ከእናቷ ጋር በስልክ ባወራች ቁጥር ከጀርባ «ሲስተር! ሲስተር!» የሚል ጥሪ እየሰማች አደገች። አንድ ቀን እሷም «ሄሎ ሲስተር» አለች። መጀመሪያ ቀልድ ነበር፣ ከዚያ ለመደባት።

ዘንድሮ ደሴ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ የሸዋዬን ዝውውር ተቀበለ። እስከ ዓርብ መልስ ካልሰጠች ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

እኔ ያገኘኋት በዚያ ሳምንት ነው። ወልድያ ላይ ሆኜ ለአንድ ጥናት እሠራ ነበር። ጥናቱ የተለያየ ቦታ ያሉ አዋላጆችን በስልካቸው መጠይቅ እያስሞላ ወደ አንድ ስምምነት ለማምጣት ይሞክራል። በመጀመሪያው ዙር ሁሉም ይመልሳሉ፤ የሁሉም መልስ ተጠቃሎ ይላክላቸዋል፤ እሱን አይተው በሚቀጥለው ዙር ወይ ሐሳባቸውን ያጸናሉ ወይ ይቀይራሉ። ፊት ለፊት የሚገናኝ ሰው የለም። መልሶቹ ሲቀራረቡ «ተስማሙ» ይባላል። የእኔ ሥራ መልሳቸው የተገለበጠባቸውን ሰዎች ምክንያቱን መጠየቅ ነበር።

የሲስተር ሸዋዬ መልስ ተገልብጧል። «አሁን ባሉበት ቦታ የመቆየት ሐሳብ አለዎት?» ለሚለው በመጀመሪያው ዙር «የለኝም» አለች፤ በሁለተኛው ዙር «አለኝ»። ደጋግሜ ብደውልም ስልኩን የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው፤ «ምጥ ላይ ናት» ይለኛል፣ ራሷ የምታምጥ ይመስል። ረቡዕ ዕለት ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ሲሪንቃን አልፌ መርሳ ወረድኩ።

ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጫማዋን አውልቃ እግሮቿን ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ አሳርፋለች። የመርሳ ሙቀት ዛፉ ሥርም አይለቅም።

«ቀይሬያለሁ እንዴ?» አለች።

«አዎ።»

«ሌሎቹን ተከትዬ ይሆናላ።»

«ሌሎቹ አብዛኞቹ እንሄዳለን ነው ያሉት።»

ስልኳን አውጥታ ሁለቱን ዙሮች ጎን ለጎን አየናቸው። ጥያቄዎቹ ያው ናቸው፤ ተራቸው ግን ተለዋውጧል። በመጀመሪያው ዙር ስለ መቆየት ከመጠየቋ በፊት፣ መብራት ሲጠፋ በምን ብርሃን እንደምታዋልድ፣ ጓንት አልቆባት ያውቅ እንደሆነና ቤተሰቧን ካየች ምን ያህል ጊዜ እንደሆናት ተጠይቃለች። በሁለተኛው ዙር እነዚህ ወደ ኋላ ሄደዋል። በእነሱ ቦታ ደግሞ፣ ከሞት የተረፈች እናት ታስታውስ እንደሆነና የአካባቢው ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛት ምን እንደሚላት የሚጠይቁ መጥተዋል።

«ማን ነው የሚያቀያይረው?»

«ማሽኑ። በየዙሩ ይበውዛቸዋል።»

እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከዓረፍተ ነገሩ አንዲት ፊደል እንኳ አልተነካችም። ከፊቱ ያለፈው ነገር ብቻ ተለወጠና ሴትዮዋ ከደሴ ወደ መርሳ ተመለሰች። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህን ተምሬ ፈተና አልፌበታለሁ። ጫማዋን ያወለቀች ሰው ላይ ሲደርስ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

እሷ አልተገረመችም። ደከማት እንጂ።

«ሁለቱንም ጊዜ ከልቤ ነበር የመለስኩት» አለች ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ። «ታዲያ ለደሴዎቹ የቱን ልንገራቸው?»

ይህን እንዳለች ሦስት ሰዎች በግቢው በር ገቡ። ከፊት ከዘራቸውን የያዙት ሼህ አብዱልጀሊል ናቸው። ከኋላቸው ቅሬ የሚባለው የሰፈሩ ዕድር ሰብሳቢ አቶ ዘውዱና ልጆቻቸውን ሁሉ እዚህ የወለዱት እትዬ ሁሪያ። የዝውውሩን ወሬ ሰምተው ነው የመጡት።

በእኛ አገር ሽማግሌ ጉዳዩን ከበር አያነሳም። ስለ ጤና ይጠየቃል፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ። ከዚያ እጅ ተዘርግቶ ይመረቃል። ጉዳዩ የሚመጣው «አሚን» ከተባለ በኋላ ነው። አሁን ገና አሚን ያለ አፍ ደግሞ እምቢ ማለት ይከብደዋል።

ሰላምታው አለቀ። ሼህ አብዱልጀሊል ከዘራቸውን አግዳሚው ላይ አስደግፈው መዳፋቸውን ዘረጉ። እኛም ዘረጋን። ሲስተር ሸዋዬ ግን እጇን ከጭኗ አላነሳችም።

«ሼህ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ዛሬ መጀመሪያ ይጠይቁኝ። ምርቃቱ ኋላ ይሁን።»

«ኧረ ሲስተር!» አሉ አቶ ዘውዱ። «ምርቃት ደግሞ በዱቤ ሆነ?»

ሼሁ አልሳቁም። «ዱዓዬን ጉቦ አደረግሽው?»

«አላደረግሁትም፣ አባቴ። ግን ከመረቁኝ በኋላ እምቢ ማለት አልችልም። እርስዎም ያውቁታል። ከዚያ በፊት ልቤ የሚለውን አንድ ጊዜ ልስማው።»

ሼሁ መዳፋቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ልጄ፣ ያን ጊዜ ወንዙ ሞልቶ የእህቴን ልጅ በቃሬዛ ስናመጣት አንቺ ባትኖሪ...»

ቀና ብላ አየቻቸው።

አቆሙ። ሲያቆሙ የያዙት ነገር የወደቀባቸው ይመስሉ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ጥያቄን እንዲህ ራቁቱን አስወጥተውት አያውቁም። ከንፈራቸው «አላህ» ብሎ ጀምሮ ተመለሰ። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ትሄጃለሽ?» አሉ።

አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪና አለፈ። እስኪያልፍ ጠበቀች።

«እሄዳለሁ።»

ቃሉን ከተናገረች በኋላ ራሷም ገና አሁን የሰማችው ይመስል ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

አቶ ዘውዱ ተቁነጠነጡ። «እንዲያው በሌላ በኩል አድርገን ብንጠይቅሽ...»

«ዘውዱ!» አሉ ሼሁ። «ጠየቅን፣ መለሰች።»

ከዚያ መዳፋቸውን እንደገና ዘረጉ። ይዘውት የመጡት ምርቃት ለምትቆይ ሴት ነበርና ቃል እየፈለጉ ብዙ ዘገዩ። «መንገድሽን ያቅናልሽ» አሉ፤ ቆይተው «ከልጅሽ ጋር ያኑርሽ» አሉ። «በሄድሽበት እጅሽ አይደንግጥ።» አሁን እጇን ዘርግታለች። አሚን አልን፤ አቶ ዘውዱ ከሁላችንም ዘግይተው።

ወደ እኔ ዞረች። «አንተም ሰምተሃል። ምክንያት ጻፍ ካሉህ ደክሟታል በላቸው። ሌላ አትጨምርበት።»

ወንዶቹ ወደ በሩ አመሩ። እትዬ ሁሪያ ግን ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። ሻሻቸውን ያጠብቃሉ፣ ይፈታሉ፣ መልሰው ያጠብቃሉ።

«ምራቴ ወሯ እየደረሰ ነው» አሉ በመጨረሻ። «በመጪው ወር ትወልጃለሽ ነው ያልሻት። እስከዚያ ትኖሪያለሽ?»

ሲስተር ሸዋዬ መልሱን ከማንም በፊት አውቃዋለች። ለመናገር ግን ከቅድሙ የበለጠ ጊዜ ወሰደባት።

«አልደርስም፣ እትዬ።»

«ማን አለ ታዲያ?»

«አላውቅም።»

እትዬ ሁሪያ ወደ መሬት አዩ። ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጡም።

«አብሽሪ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ማንንም የሚያበረታ አልነበረም። «እንግዲያ ነገ ላምጣት። እጅሽ ብቻ ይንካት።»

«በጠዋት ያምጧት» አለች ሲስተር ሸዋዬ፣ በእግሯ ጫማዋን እየፈለገች። «ሙቀቱ ሳይበረታ።»