«መጣሁ» የተከለከለበት ጓሮ

ፀሐይ ላይ የዋለ ጣሳ የራሱ ሽታ አለው። የዝገት አይደለም፣ የቃጠሎም አይደለም፤ ትንሽ ዘይት፣ ትንሽ አቧራ፣ ትንሽ የቲማቲም ድልህ ነው። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ አንድ ሱቅ ደጃፍ የተደረደሩ ባዶ ጣሳዎች ሸተቱኝና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አብራኝ የነበረችው ባልደረባዬ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ባቡር ሸተተኝ ይባላል? ዝም ብዬ ሳቅኩ። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ፤ ጊዜ ካላችሁ ማለቴ ነው፣ ይህን ነገር በአጭሩ ማውራት አልችልበትም።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በነርስነት ተመርቄ የመጀመሪያ ምደባዬ ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ ሆነ። የደጋ ልጅ ነኝ፤ አውቶቡሱ ከጣርማ በር ቁልቁል ሲወርድ መጀመሪያ ጃኬቴን፣ ቀጥሎ ሹራቤን እያወለቅኩ ሮቢት ስደርስ ሊወልቅ የሚችል ነገር አልተረፈኝም። የተከራየኋት ክፍል ድሬዳዋ ሠላሳ ዓመት በባቡር ሥራ ኖረው ጡረታ በወጡ አዛውንት ግቢ ውስጥ ነበረች። ሮቢት የባለቤታቸው የትውልድ ቦታ ነው። ባለቤታቸው እኔ ከመምጣቴ ዓመት ቀደም ብለው አርፈዋል፤ አንዲት ልጃቸው አዳማ ትሠራለች። እኔ «ጋሼ» እላቸው ነበር፣ እሳቸው እንደ ከተማው ሁሉ «ሲስተር» ይሉኛል።

በገባሁ በሦስተኛው ቀን ከጓሮ የሚያጉረመርም ድምፅ ሰምቼ ብሄድ ከፓፓያዎቹ መሀል ባቡር ወጣ። እውነቴን ነው። ቁመቱ ከጉልበቴ በታች፣ ጎታቹ አረንጓዴ፣ ፉርጎዎቹ የቲማቲም ጣሳ። ከቀጭን ፌሮ የተሠራ ሐዲድ ማንጎዎቹን ዞሮ፣ በጎመኑ መደብ አልፎ፣ ከኋላ አጥር ሥር ድንጋይ የተከመረበት ጉብታ ላይ ይወጣል። ጉብታው ጣርማ በር ነው፤ ዋሻው የተሰነጠቀ የሲሚንቶ ቱቦ ነው። ከዚያ ወደ ታች ሮቢት፣ አጣዬ፣ መጨረሻ ላይ ካራቆሬ በቀለም የተጻፈባቸው ጣውላዎች ተተክለዋል። ጋሼ ባቡሩን ተከትለው እየተራመዱ መጡና አዩኝ። አላፈሩም። «እግርሽን ከመስመሩ አንሺ» አሉኝ።

ያን ጊዜ ከከተማው ወጣ ብሎ የትልቁ ባቡር ሐዲድ ተዘርግቶ ነበር፤ ባቡሩ ግን ገና ነው። ጋሼ አንድ ነገር አሳስቧቸዋል። «ባቡሩ ሲመጣ ሰዉ ግራ ሊገባው ነው» ይላሉ። «ባቡር እንደ ሚኒባስ እጅ ስላወዛወዝክለት አይቆምም። ሰው መለማመድ አለበት።» ስለዚህ በየእሁዱ አስር ሰዓት ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል ስምሪት ነበረን።

ስምሪት ማለት እንዲህ ነው። ሁለት ባቡሮች፣ ቀዩና አረንጓዴው፣ ከሁለቱ ጫፍ ይነሳሉ። ከጣርማ በር ገብስ፣ ከካራቆሬ ማሾ ይጫናል፤ እፍኝ እፍኝ፣ ግን እውነተኛ ገብስና እውነተኛ ማሾ። መስመሩ አንድ ነው፤ መተላለፍ የሚቻለው ሮቢትና አጣዬ ላይ ብቻ፣ እዚያ መንታ ሐዲድ አለ። አራት ምልልስ ሳይጋጩና ሳይወድቁ ከጨረሱ ስምሪቱ ያለ እንከን ተጠናቀቀ ይባላል። አረንጓዴውን ጋሼ ይነዳሉ። ቀዩን የሚነዳው የሰፈራችን ባለባጃጅ ነው፤ የሁለቱም ጎታቾች ሞተር ከባጃጅ የዝናብ መጥረጊያ የተፈታ ስለሆነ ድርሻ አለኝ ባይ ነው። የሮቢት ጣቢያ ሹም የፊት ለፊቷ ባለሱቅ፣ እትዬ። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስምሪት ሰጪ፤ ሰው ስለሌለን የአጣዬንም ጣቢያ በዓይኔ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ዛፎቹ ስለሚከልሉን ጋሼ በረንዳው፣ ሮቢትና አጣዬ ላይ ሦስት አሮጌ የቤት ስልኮች አድርገው በአንድ ሽቦ አገናኝተዋል። አንዱ የተናገረውን ሁሉም ይሰማል። ስልኮቹ ስለማይጮሁ በየጣቢያው የብስክሌት ደወል ታስሯል፤ አንድ ጊዜ ከተደወለ ስልክ አንሳ፣ ሁለት ጊዜ ከተደወለ ባቡር ተነሳ ማለት ነው።

የመጀመሪያዬ እሁድ ቀዩ ሮቢት እስኪገባ ድረስ አረንጓዴውን ሮቢት ላይ ማቆም ነበረብኝ። ወደ ጉብታው ተጣርቼ «ቀዩ ምን ላይ ነው?» አልኩ። ባለባጃጁ «መጣሁ» አለኝ። መጣሁ ካለ መጣ ብዬ አረንጓዴውን ለቀቅኩት። ዋሻው ውስጥ ተገናኙ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ዘንድ የፈሰሰውን ገብስ የለቀሙት የእትዬ ዶሮዎች ናቸው።

ጋሼ አልተቆጡም። ባለባጃጁን ጠርተው «መጣሁ ስትል የት ነበርክ?» አሉት።

«ጣርማ በር።»

«ተነስተህ ነበር?»

«ልነሳ ነበር።»

ጋሼ ጎንበስ ብለው የወደቀውን ፉርጎ አቃኑ። ከዚያ «ለካስ ይህ አገር ባቡር ያጣው በሐዲድ እጦት አይደለም» አሉ።

ሳቃችን ሲያልፍ ግን ነገሩ ሁላችንም ላይ እንዳለ ገባን። እራት ቀርቧል ስንባል ተጋድመን «መጣሁ» እንላለን። ጫማችንን እየፈለግን በስልክ «ደረስኩ፣ ደረስኩ» እንላለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ጓሮ «መጣሁ» የተከለከለ ቃል ሆነ። የሚፈቀዱት ሦስት ናቸው፤ «ተነሳ»፣ «ገባ»፣ «ቆሟል»። ከእኔ ደግሞ «ውጣ» የሚል ትእዛዝ።

እትዬ ላይ ሌላ ችግር ነበር። «ቀዩ ገብቷል ወይ?» ስላት «ይገባል ኢንሻአላህ» ትለኛለች። ጋሼ በጨዋ ደንብ አስረዷት። «እህቴ፣ ኢንሻአላህ ገና ላልመጣው ነው። ለገባው ምን ይባላል?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«እንግዲያው እኔ የምፈልገው አልሐምዱሊላህ የተባለበትን ባቡር ነው።»

ተስማሙ። ከዚያ ወዲያ ከሮቢት የሚመጣው ሪፖርት «ገባ፣ አልሐምዱሊላህ» ሆነ። እስከ ዛሬ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ልጅ በሰላም ሲወለድ «ገባ፣ አልሐምዱሊላህ» እያልኩ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም አባት ግራ አጋባለሁ።

ወራት እንዲህ አለፉ፣ እኛም አንድም ስምሪት ያለ እንከን አልጨረስንም። ወይ ባትሪው ያልቃል፣ ወይ ባለባጃጁ ተሳፋሪ ይጠራዋል፣ ወይ ማንጎ ሐዲዱ ላይ ይወድቃል። ማንም ደንታ አልነበረውም፤ አንድ ቀን ልጃቸው እስክትደውልልኝ ድረስ።

«ሲስተር፣ እውነቱን ንገሪኝ» አለችኝ። «አባዬ ጤናው እንዴት ነው? ስልክ ስደውልለት ‹ቆይ፣ አጣዬ ላይ ባቡር ቆሞብኛል› ይለኛል።»

የጣሳ ባቡር መሆኑን አስረዳኋት። ይባስ ደነገጠች። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደምትመጣና ወደ አዳማ እንደምትወስደው ነገረችኝ፤ ብቻውን ሆኖ ጭንቅላቱ ሲነካ ቆማ እንደማታይ።

ጋሼ ሲሰሙ ፊታቸው ወደቀ። ያን ያህል ያረጁ መሆናቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው። ወዲያው ግን ቀና አሉ። «አንድ ሙሉ ስምሪት ትይልኝ» አሉ። «ከራሱ ጋር ያልሆነ ሰው ስምሪት አይመራም፤ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት፣ ይህን ታውቃለች። ያለ እንከን ከጨረስን ትተወኛለች። ካልጨረስን ቃሌ ነው፣ አብሬያት እሄዳለሁ።»

ሁለት ሳምንት በየቀኑ ተለማመድን። እትዬ ሱቋን እየዘጋች፣ ባለባጃጁ ስልኩን እያጠፋ። የጋሼ ቤት ባዶ ሲሆን ማሰብ አልቻልኩም፤ ልጅ ነበርኩ፣ ከቤቴ ርቄ የኖርኩት ገና መጀመሪያዬ ነው፣ ያ ጓሮ ቤቴ ሆኖ ነበር።

ልጃቸው ቅዳሜ መጣች። ቀጭን፣ ትሁት፣ የማትስቅ ሴት ናት። መድኃኒቶቹን አየች፣ ቁም ሳጥኑን ከፈተች፣ እሁድ ጠዋት ሁለት ሻንጣ ሞልታ በሩ አጠገብ አስቀመጠች። አስር ሰዓት ላይ ጓሮ አመጣናት። እጇን አጣምራ ቆመች። ጋሼ የአጣዬን ስልክ መነጋገሪያ አነሱና ሰጧት።

«እኔ?» አለች።

«ሰው የለንም» አሏት።

እንደ መቀለድ ተቀበለች። አባቷ በአጭሩ አስረድተዋት እንደ ወንበር በተደፋ ሳጥን ላይ አስቀመጧት። የመጀመሪያውን ደወል ስደውል ስልኩን አንስታ «አጣዬ። መስመሬ ነፃ ነው፣ ጠባቂ ነኝ» አለች። ማንም ያላስተማራት ነው። ለካስ ድሬዳዋ በልጅነቷ የአባቷን ምሳ ይዛ ጣቢያው ላይ ስትውል ሁሉንም በጆሮዋ አስቀርታዋለች። ትንሽ ቆይቶ ባለባጃጁ በሮቢት ስልክ ለምዶበት «መጣሁ» ሲል ከስልኩ ውስጥ የእሷ ድምፅ ወጣ። «መጣሁ የሚባል ነገር የለም። ተነስተሃል ወይስ አልተነሳህም?» ጋሼ አረንጓዴውን አቁመው ወደ አጣዬ ዞረው አዩ።

ሦስት ምልልስ ያለ እንከን አለቀ። በአራተኛው ቀዩ ሮቢት፣ አረንጓዴው አጣዬ ቆመዋል። ከአጣዬ ሮቢት ያለው መስመር አንድ ነው፣ ቅድሚያው የአረንጓዴው ነው። ስልኩን አንስቼ ላዝ ስል ወንፊት ልትመልስልኝ የመጣች ጎረቤት ከደጅ «ሲስተር» ብላ ተጣራች። እኔ፣ ስምሪት ሰጪዋ፣ መነጋገሪያው አፌ ላይ እንዳለ «መጣሁ» አልኳት።

ሽቦው ሁልጊዜ ያንኮራፋል። እትዬ ሮቢት ላይ «ውጣ» ብላ ሰማችው። ሁለት ጊዜ ደወለችና ቀዩን ለቀቀችው። እኔ ወንፊቱን እያየሁ ነበር፣ ደወሉን ልብ አላልኩትም። ተመልሼ «አጣዬ፣ አረንጓዴው ይውጣ» አልኩ።

«አይወጣም» አለች ልጃቸው። «የሮቢትን ደወል ሰምቻለሁ። ከፊት ባቡር አለ።»

 በዛፎቹ መሀል አያቸዋለሁ፤ ጋሼ እጃቸውን ማብሪያው ላይ አድርገው፣ እሷ ተነስታ ሐዲዱ ፊት ቆማ። ከሰዓቱ ሁለት ደቂቃ አልፏል። በቤታቸው «አንተ» የምትላቸውን አባቷን «አይወጡም» አለቻቸው። ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ። «እሺ፣ የጣቢያ ሹም» አሉ። ያን ጊዜ ቀዩ ከማንጎው ጀርባ ብቅ አለ፤ ባለባጃጁ ከምን እንደዳነ ሳያውቅ እያፏጨ። በመንታው ሐዲድ ገብቶ ከአረንጓዴው ጎን ቆመ፤ በመሀላቸው አንድ ስንዝር አልነበረም። «ገባ» አለች በስልኩ፣ ቀጥላም «አልሐምዱሊላህ ይባላል አሉኝ»።

የቀረውን እንዴት እንደጨረስን አላስታውስም። እትዬ እልል ስትል፣ ባለባጃጁ እኔን «ውጣና መጣሁ ያልለየሽ» እያለ ሲያሾፍብኝ፣ ልጃቸው አቧራው ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ስትስቅ አስታውሳለሁ። ስትስቅ ሌላ ሰው ናት። ጋሼ አልሳቁም፤ እሷን ነበር የሚያዩት።

ማታ እራት ላይ «ይቅር አባዬ» አለች። «ተሳስቻለሁ። እዚሁ ሁን። እኔ እየመጣሁ አይሃለሁ።» ከጠረጴዛው ሥር እጄን በደስታ ጨበጥኩ። ጋሼ ጉርሻ አጎረሷትና ሌላ ወሬ አነሱ።

ጠዋት ለሥራ ስወጣ ሁለቱን ሻንጣዎች ባጃጅ ላይ የሚጭኑት ራሳቸው ጋሼ ናቸው። ያየሁትን ማመን አልቻልኩም። ወደ ማንጎዎቹ ወሰድ አደረግኳቸውና «ጋሼ፣ አሸንፈን የለ እንዴ?» አልኳቸው።

«አሸንፈናል» አሉ። «እናቷ ካረፈች ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም፣ ሲስተር። ብቻዬን ነኝ ብላ ልትወስደኝ የመጣች መስሎኝ ነበር። ብቸኛዋ እሷ ናት።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሙቀቱ በረታብኝ ብያታለሁ። እንዳትነግሪያት።»

ሠላሳ ዓመት ድሬዳዋ ከፍም በሚያቃጥል ብረት ላይ የዋሉ ሰው ናቸው፤ የሮቢት ሙቀት በረታብኝ ይላሉ።

ልጃቸው ልትሰናበተኝ መጣች። አቅፋኝ ቆየች። «ሙቀቱ በረታብኝ አለኝ» አለች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። «እውነት ነው እንዴ?»

«እውነት ነው» አልኳት። «የሮቢት ሙቀት ለሽማግሌ አይሆንም።»