አምቦ ውሃ የማይገባበት ክፍል

አጎቴን፣ ጋሼን፣ ከእኔ በላይ የሚያውቃቸው ሰው ከአምቦ እስከ ጌዶ አይገኝም እያልኩ ስምል ኖሬያለሁ። ለካ ከቤተሰቡ መታመማቸውን ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጋሼ ከሃይድሮጅን ኤሌክትሪክ ለሚያወጣው አልካላይን ፊውል ሴል የሚሆን ስስ የፕላስቲክ ገለፈት ይሠሩ ነበር። በትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ዘፍዝፈው፣ ሳይሰነጠቅ ምን ያህል እንደሚቆይ ያያሉ። የአምቦ ውሃ ጋዝ ሶዳውን ያበላሽብኛል ብለው ጠርሙስ ይዞ የመጣን ሁሉ ከመሥሪያ ክፍላቸው በር ይመልሳሉ። አምቦ ተወልዶ አምቦ ውሃ የሚፈራ ሌላ ሰው አላውቅም። እኔንማ “አግስተህ ግባ” ነበር የሚሉኝ።

“አካም ጅርቱ፣ ጋሼ?” ብዬ በኦሮምኛ ደህንነታቸውን ስጠይቃቸው መልሳቸው ያው ነው፤ “ገና አልተሰነጠቅኩም።” በመጨረሻ ሰሞን እንኳ እንዲህ ሲሉኝ ከት ብዬ ሳቅሁ። የቀረው ቤተሰብ አንገቱን ደፋ።

ከቀብር በኋላ ባለቤታቸውን ሕመሙን ለምን እንደደበቁኝ ጠየቅኳቸው።

“‘እሱ ካወቀ መቀለዱን ይተዋል፤ እንዳትነግሩት’ ብለውን ነው” አሉኝ።

ጋሼ ለቀልዴ ሲሉ እኔን ከዱኝ።

በንዴት አምቦ ውሃ ይዤ ክፍላቸው ገባሁ። ከበር የመለሰኝ የለም። ጠርሙሱን ከፍቼ ጨለጥኩት፤ እንጭኒ ድረስ እስኪሰማ አገሳሁ። ከዚያ ሶዳው ውስጥ የተዘፈዘፈውን ቁራጭ ፕላስቲክ በአማርኛም በኦሮምኛም ይቅርታ ጠየቅኩት።