የሣልኳቸው እጆች

ትናንት ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ጠጉሯን ለጋ ቅቤ ተቀብታ ነበር። ሽታው ወደ ሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ደብረ ብርሃን ወደተከራየኋት የቆርቆሮ ክፍል መለሰኝ።

ያኔ ከሥዕል ትምህርት ቤት ገና መውጣቴ ነው። ሰው እንጂ ሌላ ነገር አልሥልም ነበር። «ሰው ማለት ማን ነው?» እያልኩ መፈላሰፍም እወድ ነበር። ከወለጋ ተፈናቅለው ከተማችን መጠለያ ከገቡት መካከል አንዲት እናት ልሥላቸው ፈቀዱልኝ። የመጀመሪያው ቀን ከጎረቤት የተዋሱትን ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ቅቤ ተቀብተው መጡ።

«እማማ፣ ነገ መጠለያ ውስጥ የሚለብሱትን ለብሰው ይምጡልኝ» አልኳቸው።

ቀሚሱን ቁልቁል አዩት። «እሺ፣ ልጄ።»

በማግሥቱ ግራጫ ብርድ ልብስ ተከናንበው መጡ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስዘረጋኋቸው፤ መዳፋቸው ወደ ላይ፣ ባዶውን።

ሥዕሉ አዳራሽ ውስጥ ሲሰቀል ሰው ከበበው። አንዱ ዕንባውን ሲጠርግ አይቼ ኮራሁ። እሳቸውም ያንኑ ነጭ ቀሚስ ለብሰው መጡ። ከሥሩ የጻፍኩትን አብራቸው የመጣችው ጎረቤታቸው አነበበችላቸው፤ «ተፈናቃይ» ይላል። ወደ ሥዕሉ ጠጋ አሉ።

«ይቺ ማን ናት?»

«እርስዎ ነዎት እኮ፣ እማማ።»

«እኔ በዚህ እጄ ያገሬን ሙሽራ ሁሉ ሹሩባ ሠርቻለሁ። አንቺ የለማኝ እጅ አደረግሽው። ምነው ልጄ?»

ሥዕሉን የዚያኑ ዕለት አወረድኩት። በሦስተኛው ቀን ደብተሬን ይዤ መጠለያው ሄድኩና እንደገና ልሣልዎት ብዬ ለመንኳቸው።

«መሣሉስ ይቅር። ይልቅ ነይ ቁጭ በይ፤ ይሄ ጠጉርሽ ምን ሆኗል?»

ድንኳናቸው ደጃፍ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ተቀመጥኩ። ንፋሱ ሸራውን ያርገበግበዋል። ጣታቸው ፈጣን ነበር። ጠጉሯ ሲሠራ ስላንቀላፋች አንዲት ሙሽራ እያወሩ ሳቁ። ከዚያ ጣታቸው ቆመ።

«ከእነሱ የትኛዋ እንደተረፈች እንኳ አላውቅም» አሉ።

ዞሬ ላያቸው ስል ራሴን ይዘው መለሱኝ። «አትዙሪ፣ ይጣመማል።»

በወሩ ስመለስ ድንኳኑ ውስጥ ሌላ ቤተሰብ አገኘሁ። አንድ አባወራ ሊያፈላልጉልኝ ተነሡና «ስማቸው ማን ይባላል?» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። እማማ ከማለት በቀር ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም ነበር።