ጣሪያ ዘርግቶ የማያውቀው ኔቪል ታስከር

ኔቪል ታስከር ያቺን መኪና ለመግዛት ስምንት ዓመት ወረፋ ጠብቋል። ገንዘብ አጥቶ እንዳይመስላችሁ፤ ገንዘቡን ይዞ ነው የጠበቀው። ሌላው ሰው መኪና ሲያምረው ሱቅ ሄዶ ይገዛል፣ የዚያኑ ዕለት ነድቶ ቤቱ ይገባል። የኔቪል መኪና ግን በእጅ የምትሠራ ናት፤ አጽሟ እንጨት፣ ልብሷ በመዶሻ የተቀጠቀጠ ቆርቆሮ፣ ወንበሯ በመርፌ የተሰፋ ቆዳ። ሠሪዎቹም የሚያስቸኩላቸው ነገር የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ በከተማችን በላድሎ ገበያ ላይ ሳገኘው፣ "ወረፋው እንዴት ይዞሃል?" ስለው ፊቱ ይፈካና፣ "ዘንድሮ ከፊቴ ያሉ ብዙ ሽማግሌዎች ሞተውልኛል ዶሪን፤ ሳይፈጥን አይቀርም" ይለኛል። ነፍስ ይማር እንኳ አይልም።

ክፉ ሰው አይደለም። በኋላ ስለማማው ይህን አስቀድሜ ልናገር። ዕድሜውን ሙሉ ለኢንሹራንስ ድርጅት ጉዳት ገማች ሆኖ ነው የሠራው። ቤቱ ያፈሰሰበት ሰው ሲጠራው መሰላሉን ይዞ ይሄዳል፣ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ይወርድና፣ "ይሄ የዝናቡ ጥፋት አይደለም፤ እናንተ ስላልተንከባከባችሁት ነው" ይላቸዋል። ለዚህ ሥራ ግራጫ ኮት ይለብስ ነበር። ጡረታ በወጣ በወሩ መኪናዋ ተሠርታ ደረሰች። ኮቱን ጣለና የቆዳ ቆብና የአብራሪ መነጽር ገዛ። ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነበር።

መኪናዋ አረንጓዴ ናት፤ አፍንጫዋ ረጅም፣ ኮፈኗ በቆዳ ቀበቶ የታሰረ። የግራው በር ካላነሱት በስተቀር አይዘጋም። ይህንን እንከን ነው ብሎ የሚናገር ሰው ካለ ኔቪል አዝኖለት ያስተምረዋል። "ይሄ ጠባይ ነው! በማሽን የተሠራ መኪና ጠባይ የለውም" ይላል። ማሞቂያዋ የቀኝ እግር ጣት ብቻ ያሞቃል፤ እሱም ጠባይ ነው። መንገድ ላይ ያለው ጠጠር ሁሉ በወገብ በኩል እየገባ ሰላም ይላል፤ እሱም ጠባይ ነው። የኔ ባል እንደዚያ ዓይነት ጠባይ ቢኖረው ኖሮ ገና በሙሽርነታችን ፈትቼው ነበር።

ግን ልዋሽ አልፈልግም። አንድ የሰኔ ጠዋት ኔቪል አሳፍሮኝ ወደ ኮረብታው ወጥተን ነበር። መቀመጫዬ ከአስፋልቱ አንድ ክንድ አይርቅም፤ የሣሩ ሽታ፣ የቤንዚኑ ሽታ፣ የቆዳው ሽታ ተቀላቅሎ ይመጣል፤ ሞተሩ እያጉረመረመ ነው፤ የአጥሩ ቁጥቋጦ በጆሮዬ አጠገብ ይሮጣል። እንደ ልጅ ጮኬ ሳቅኩ። ኔቪልም ዞር ብሎ ሲያየኝ ፊቱ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ፊት ነበር። ሰውዬው ለምን ያን ያህል እንደጠበቀ ያኔ ገባኝ። ስወርድ ወገቤ አልቃና ስላለኝ ሁለት ቀን ጎንበስ ብዬ ሄድኩ።

የእነዚህ መኪኖች ባለቤቶች ማኅበር አላቸው። ሊቀመንበሩ ሮድኒ የሚባል ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ሰው ሲያወራው አፉን ነው የሚያየው። በየዓመቱ የበጋው መጨረሻ ላይ ተሰልፈው ከላድሎ ተነስተው፣ የክለን መንደርን ኮረብታዎች አቋርጠው፣ ዌልስ ውስጥ ባሕሩ ዳር ድረስ ይነዳሉ፤ እዚያ ሆቴል ራት ይበላሉ። እኔ ሟቹ ባለቤቴ ለቧንቧ ሥራው ይነዳው በነበረ ቫን ከኋላቸው እከተላለሁ፤ ገመድ፣ መፍቻ፣ ሳንዱችና ትልልቅ ፔርሙዝ ይዤ። የተበላሸውን እጎትታለሁ፣ የተናደደውን ሻይ አጠጣለሁ።

ማኅበሩ አንድ ሕግ አለው፤ ያልተጻፈ ግን የከረረ። በጉዞው ላይ ዝናብም ቢወርድ በረዶም ቢወርድ የመኪናውን የሸራ ጣሪያ መጀመሪያ የዘረጋ ሰው፣ ማታ ራት ላይ አበባ ያለበት የሴት የገላ መታጠቢያ ቆብ ያጠልቃል። ሾርባው ከመጣበት ሰዓት እስከ ጣፋጩ ድረስ አያወልቅም። ዋንጫ አንስቶ ንግግር ማድረግም አለበት። ባለፈው ዓመት ቆቡን ያጠለቀው ሰውዬ ማኅበሩን ለቆ ጎልፍ ጀምሯል። ኔቪል መኪናዋ ከፋብሪካ ከወጣች ጀምሮ ጣሪያዋን አንዴም ዘርግቶ አያውቅም፤ ሸራው ከወንበሩ ጀርባ እንደታጠፈ ነው። "አንዴም!" ይላል፣ ጣቱን ቀስሮ። በእንግሊዝ አገር ይህን መናገር በዝናብ ለመበስበስ መፈረም ነው።

የበሰበሰችው ደግሞ ሚስቱም ናት። ሙሪየል የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ ነበረች፤ ድምጿ የሁለት መቶ ልጅ ጫጫታ አቋርጦ ይሰማል። ሻሽ አስራ፣ ካርታ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ከጎኑ ተቀምጣ ዓመታት ሄዳለች። ትቀልዳለች እንጂ አታማርርም። "ሌሎች ሴቶችን ባላቸው ባሕሩ ዳር ወስዶ ውኃ ውስጥ ይነክራቸዋል፤ የኔ ግን መንገድ ላይ ይጨርሰዋል" ትለኝ ነበር።

መጋቢት ላይ ሙሪየል የሳንባ ምች ያዛት። ለጥቂት ነው የተረፈችው። ኔቪል የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ በእጁ ፊቱን ሸፍኖ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ፤ ስለ መኪናው አንድ ቃል አልተናገረም። ስትወጣ ሐኪሟ፣ "ብርድና እርጥበት እንዳያገኝሽ፤ ሁለተኛ ከያዘሽ ለሕይወትሽ ያሰጋል" አለቻት። ኔቪል የሚስቱን እጅ ይዞ እዚያው ቃል ገባ፦

"የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትወርድ ጣሪያውን እዘረጋለሁ። ቆቡንም አጠልቃለሁ።"

"አበባው ያምርብሃል" አለችው ሙሪየል፣ እየሳለች።

በዚያ ዓመት ጉዞ ላይ አብራው ወጣች። እኔ ቫኑ ውስጥ ግቢ ብዬ ለምኛት ነበር። "ቃል ገብቶልኛል ዶሪን። አንድ ጊዜ ሲፈጽም ልየው" አለችኝ።

ክለንን አልፈን ኮረብታውን ስንወጣ የመጀመሪያዋ ጠብታ መስታወቴ ላይ አረፈች። ከዚያ ሁለተኛዋ። ከዚያ መቁጠር ተውኩ። የኔቪል መኪና ከፊቴ ነበረች፤ ክፍት እንደሆነች ትሄዳለች። የሙሪየል ሻሽ ጠቆረ። ወደሱ ዞር አለች፤ እሱም እጁን ወደ ሰማይ ወረወረ። ምን እንዳለ ሳልሰማው አውቀዋለሁ፦ "ያልፋል።" አላለፈም። ጥሩምባዬን ብነፋ ሰላምታ መስሎት መልሶ ነፋልኝ። ትከሻዋ በሳል ሲንቀጠቀጥ እስከ እኔ ድረስ ይታይ ነበር፤ ደሜ ፈላ።

ኮረብታው አናት ላይ አንድ የበግ በረት በር ፊት ለፊት ኔቪል ድንገት ቆመ። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ቆቡን አወለቀ፣ ሚስቱን አያት፣ ከዚያ፣ "በቃ፤ ጣሪያውን እዘረጋለሁ" አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ።

እውነቴን ነው፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሰውዬው ያን ሁሉ ዓመት ጣቱን ቀስሮ የተኩራራበትን ነገር ለሚስቱ ሲል ሊጥል ነው። ሮድኒ ከፊት ሆኖ፣ "ታስከር ተሸነፈ! ታስከር ጣሪያ ሊዘረጋ ነው!" ብሎ አስተጋባ። መኪኖቹ ሁሉ ቆሙ፤ ጥሩምባው ቀለጠ፤ ሽማግሌዎቹ በዝናብ እየበሰበሱ ሊያዩ ተሰበሰቡ። ሙሪየል እሱ እንዲመቸው ብላ ወረደችና ዝናቡ ውስጥ ቆመች። ክንዷን ይዤ ወደ ቫኑ ወሰድኳት፣ ማሞቂያውን ለቀቅኩት፣ ሻይ ቀዳሁላት። በመስታወቱ ማየት ጀመርን።

ኔቪል ሸራውን የሚሸከሙትን የብረት ቅስቶች አቆመ፣ ሸራውን ከኋላ ስቦ ወደ ፊት አመጣ። ከፊት መስታወቱ አናት ላይ ሸራውን የሚይዙት ቁልፎች ይጠብቃሉ። ሸራው አልደረሰም። አንድ ስንዝር ይቀረዋል። እንደገና ሳበ። ስንዝሩ ስንዝር ነው። ያን ሁሉ ዓመት ታጥፎ የተቀመጠ ሸራ ተኮማትሯል። አልፎ አልፎ በፀሐይ መዘርጋት ነበረበት፤ ይህንን ለባለቤቱ የሚነግር መመሪያም አለ። መመሪያውን ለማንበብ ግን ጣሪያ የመዘርጋት ሐሳብ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ለእነዚህ ሰዎች ከዚህ የበለጠ ሠርግ የለም። የተበላሸ ነገር ተገኘ! ቆብም ቀልድም ተረሳ። ስድስት ሽማግሌ ሸራውን ከበቡት፤ አንዱ ከኋላ ይጎትታል፣ አንዱ ቅስቱን በጉልበቱ ይገፋል።

"በአንድ ላይ! አንድ፣ ሁለት..."

"ቆይ፣ ቆይ፣ ትቀደዳለች!"

"ሙቀት ነው የሚፈልገው። ሙቅ ውኃ አምጡ!"

ሮድኒ የቫኑን በር በርግዶ ከኋላ የነበረውን ፔርሙዝ አነሳ። "ሙሪየል፣ እንዴት ነሽ?" አለና መልሷን ሳይጠብቅ ሄደ። ሻዬን ሸራው ላይ አፈሰሱት። ወተት አለበት።

ሙሪየል ኩባያዋን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗን ከኔቪል አልነቀለችም። እሱ ዝናቡ ውስጥ እጅጌውን ሰብስቦ እየጮኸ ያዛል። ፊቱ በርቷል።

"ልጥራው?" አልኳት።

"አትጥሪው።"

"ብርድ ገብቶሻል እኮ፤ እየተንቀጠቀጥሽ ነው።"

"ዝም በይ ዶሪን። አንድ ጊዜ ዞር ብሎ የት ሄደች ይላል። እሱን ነው የምጠብቀው።"

ጠበቅን። የመጀመሪያው ቁልፍ ገባ፤ ሆ አሉ። ሁለተኛው ገባ፤ ተጨባበጡ። ዝናቡ ብሶ ወረደ። ሙሪየል ሳለች፤ ረጅም፣ ከደረቷ ሥር የሚወጣ ሳል ነው፤ እኔ ጨነቀኝ። የመጨረሻው ቁልፍ ሲቀር ኔቪል በሁለት እጁ እንደወጠረ ቀና አለ። ዙሪያውን አየ። ሙሪየል ኩባያዋን አስቀመጠች።

"ሙሪየል!" ብሎ ተጣራ። "ሙሪየል፣ የት ነሽ? ነይ ይቺን ጫፍ ያዢልኝ!"

ሙሪየል በዚያ በወጥ ቤቱ ድምጿ ሳይሆን በቀስታ፣ "ንጂው" አለችኝ።

ነዳሁት። በአጠገባቸው ስናልፍ ማንም ቀና ብሎ አላየንም። ሽሩስበሪ ከተማ፣ እህቷ ቤት ድረስ ወሰድኳት። ደግነቱ ሳሉ ሳያይልባት ቀረ።

በሚቀጥለው እሑድ ልብሶቿን ይዤላት ሄጄ እህቷ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ያ የሞተር ማጉረምረም መጣ። የዓመቱ የመጨረሻ የሚያቃጥል ፀሐይ ወጥቷል፤ ሰው ሁሉ በካናቴራ ነው። ኔቪል ጣሪያውን ዘርግቶ፣ ቁልፎቹን ሁሉ ቆልፎ፣ የጎን መስኮቶቹን እንኳ ገጥሞ መጣ። ከላድሎ ጀምሮ እንደዚያ ሆኖ ነው የነዳው። ሲወርድ ፊቱ ቀልቷል፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ሙሪየል በሩ ላይ ቆማ አየችው።

"ይኸው፤ ተዘርግቷል" አላት። "ሮድኒ ቤት በር ላይ ነው ያለፍኩት። ሰው ሁሉ አይቶኛል።"

ሙሪየል ከንፈሯን ነከሰች፤ ልትስቅ ምንም አልቀራት። እኔም በልቤ እግዜር ይስጥህ አልኩት። ነይ እንሂድ ቢላት ትሄድ ነበር፤ ቦርሳዋን በዓይኗ ስትፈልግ አይቻታለሁ።

"የመጨረሻዋን ጫፍ ማን ያዘልህ?" አለችው፣ ለስለስ ብላ።

"ማንም! እሱን ልነግርሽ ነው የመጣሁት።" ዓይኑ በራ። "ብቻዬን ነው የቻልኩት። ዘዴ አለው። መጀመሪያ የፊቱን መሀል ትቆልፊያለሽ፣ ከዚያ ቅስቱን በጉልበትሽ ደገፍ ታደርጊና በግራ እጅሽ..." እጁን በአየር ላይ እያወናጨፈ አስረዳት። ሸራውን ስለሰፋበት ክር ነገራት። ሸራውን ስለቀባው ሰምም ነገራት። እንዴት አደርሽ፣ ሳሉ እንዴት ነው አላላትም። ሙሪየል እስኪጨርስ ድረስ ሰማችው።

"ጎበዝ" አለችው። "ብቻህን ትችላለህ ማለት ነዋ።" በሩንም ዘጋችው፤ አላጋጨችውም።

ኔቪል ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ልሸኘው ወጥቼ ነበር። "ምን አጠፋሁ?" አለኝ። ከልቡ ነበር የጠየቀኝ። ብነግረው የሚገባው አልመስል አለኝ።

"ጣሪያውን አውርደው ኔቪል" አልኩት። "በዚህ ሙቀት ትሞታለህ።"

ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታ፣ ሸራውን በጥንቃቄ አጠፈው፣ የግራውን በር አንስቶ ዘጋ። ዓይኑን በመሐረብ ጠርጎ መነጽሩን አደረገ። መንገዱ ጫፍ ላይ ሲታጠፍ ነፋሱ ሽበቱን ወደ ኋላ ወሰደው፤ ሞተሩ አጉረመረመ፤ ጎኑን ሲሰጠን ፊቱ ታየኝ። ደስ ብሎታል። ቀና ስል ሙሪየልም በላይኛው መስኮት ቆማ እያየችው ነበር።