የደርበው እንቅልፍና የጋሽ አራጋው ወፍጮ

ሌላው ሰው ይተኛል፤ ደርበው ግን ይጠፋል። ላሊበላ ውስጥ የእንስሳት ጤና የሚማር የሁለተኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነው። መለል ያለ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ በጆተኒ ተሸንፎ የማያውቅ። ዓይኑ እስከተገለጠ ድረስ እንደሱ ያለ ንቁ ልጅ አገር ምድሩን ቢያስሱ አይገኝም። ጣጣው ዓይኑ የተከደነ እንደሆነ ነው።

አንድ ቀን ፀጉር ቤት ገባና «ጎን ጎኑን ብቻ» ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ፀጉር ቆራጩ «ከላይስ ላንሳው?» ቢለው ደርበው አንገቱን ወደ ፊት ደፋ። ሰውየው እሺ ያለው መስሎት ሙልጭ አድርጎ ላጨው። ሲነቃ መስታወቱን አይቶ «ወንድም፣ ወረፋው የአንተ ነው?» አለው ይባላል፤ ይቺን እንኳ አብሮት የሚኖረው አባስ የጨመረባት ይመስለኛል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ኳስ ሊያይ ገብቶ፣ ጎል ተቆጥሮ ቤቱ በጩኸት ሲናጋ እሱ አግዳሚው ላይ ለጥ ብሏል። ጨዋታው አልቆ ባለቤቱ ሊጠርግ ፈለገ። ቢጠራው፣ ቢነቀንቀው፣ ወይ ፍንክች! ሁለት ሰዎች ከነአግዳሚው አንስተው ደጅ አወጡት። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ መንገድ ዳር ተኝቶ፣ አላፊ አግዳሚው እየዞረው አለፈ።

የበጉን ነገርማ ኮሌጁ በሙሉ ያውቀዋል። በተግባር ትምህርት ላይ በግ ያዝ ተብሎ ያዘ። የበጉ ጀርባ ሞቀው መሰለኝ፣ ጎንበስ አለበት። በጉ ተከትቦ ሲለቀቅ ደርበው እዚያው በጉልበቱ እንደተንበረከከ ቀረ። መምህርት ሙሉሃብት፣ እንደ መርፌ ቀጥ ያለች ሴት፣ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ «ማደንዘዣ የተወጋው በጉ ነው ወይስ አንተ?» ብላ ጠየቀችው። ደርበው አንኮራፋ።

ከአባስ ጋር የተከራዩት ክፍል እትዬ አሰለች ግቢ ውስጥ ነው። ከጋሽ አራጋው ወፍጮ ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ከእነሱ በፊት የገባ ተከራይ ሁለተኛ ሳምንቱን አላየበትም። ወፍጮው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነስቶ ማጓራት ሲጀምር ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ እየተንፏቀቀ ጠርዝ ድረስ ይሄዳል። ዱቄቱ በስንጥቁ እየገባ ጫማ ላይ፣ ደብተር ላይ፣ ቅንድብ ላይ ያርፋል። ደርበው ክፍሉን ሊያይ የመጣ ዕለት ግድግዳውን በመዳፉ ነካ አደረገና «ይሄ ቤት ይስማማኛል» አለ። አባስ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀልድ አልነበረም።

አባስ የጋሸና ልጅ ነው። አባቱ እዚያ መንገድ ዳር ለሹፌሮች ምግብ ያበስላሉ፤ አባስም ከሕፃንነቱ በማለዳ መነሳት የለመደ ነው። የሱብሂ ሶላቱን ሰግዶ ሲጨርስ ሁለተኛው ሥራው ደርበውን መቀስቀስ ሆነ። ያልሞከረው የለም። ብርድ ልብሱን ገፈፈው፤ ደርበው ፍራሹን አጥፎ ተከናነበ። ስልኩን ብረት ድስት ውስጥ ከትቶ ራስጌው አስጮኸው፤ የነቃችው የጎረቤት ሕፃን ናት። ውኃ ረጨው፤ «ዝናቡ ጥሩ ነው» ብሎ ዞረ። እትዬ አሰለችም በዘነዘና በሩን ሲደበድቡ ይቆዩና «አበስኩ ገበርኩ! ይሄ ልጅ ሞቶ እንዳይሆን እዩልኝ» እያሉ ይመለሳሉ። በስሙ መጥራትማ ጭራሽ ዋጋ የለውም። ቢፈልግ መልአክ ከሰማይ «ደርበው!» ብሎ ይጥራው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

እስከዚህ ድረስ የሚያስቅ ነው። የማያስቀው ደግሞ ይኸውላችሁ፦ በተግባር ልምምድ ሦስት ጊዜ የዘገየ ተማሪ ለመጨረሻው ፈተና አይቀርብም፤ ዓመቱን ይደግማል። ደርበው ሁለት ጊዜ ዘግይቷል። መምህርት ሙሉሃብት ሁለተኛውን ስትመዘግብ ቀና ብላ «ሦስተኛ የለም» አለችው፤ ቁጣ እንኳ አልነበረባትም፣ እሱ ነው የባሰው። ፈተናው ሐሙስ ነው። የሚፈተኑት ብልባላ ወርደው የገበሬውን ከብት በመክተብ ሲሆን፣ መኪናው ልክ አንድ ሰዓት ላይ ከኮሌጁ በር ይነሳል።

ብልባላ ደግሞ የደርበው አገር ነው። አባቱ አቶ ደግሰው ይህን ሰምተው አገሩን በወሬ ሞልተውታል። «በሬውን ራሴ ይዤ እመጣለሁ» አሉት በስልክ። «ሰው ሁሉ ቆሞ ያይሃል። የደግሰው ልጅ ሐኪም ሆነ ይበል።»

«እሺ፣ አባዬ» አለ ደርበው። ያን ቀን ጆተኒ እንኳ አላማረውም። ፈራ። ትምህርቱን አይደለም የፈራው፤ ትምህርቱን ይችለዋል። የፈራው ራሱን ነው፤ አባቱ በሬውን ይዘው ቆመው፣ መኪናው ሲደርስ ከሚወርዱት ልጆች መሐል እሱን ሲፈልጉ ታየው።

ከፈተናው በፊት ባለው ቅዳሜ ቀትር ላይ ደርበው እንደ ልማዱ ተኝቷል፤ ወፍጮው ያጓራል፤ አባስ ዳቦ በሻይ እየበላ ነው። ድንገት መብራት ሄደና ወፍጮው እያቃሰተ ቆመ። ደርበው ብድግ ብሎ ተቀመጠ። ማንም አልነካው፣ ማንም አልጠራው። ዓይኑ ፍጥጥ ብሏል፣ እግሩ መሬት ነክቷል።

«ምን ሆነ?» አለ።

«መብራት ሄደ» አለ አባስ፣ ዳቦው አፉ ውስጥ እንዳለ።

ደርበው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «ወፍጮ ሲቆም እነቃለሁ» አለ። «አባቴ ብልባላ የሰው ወፍጮ ላይ ይሠሩ ነበር። ጆንያ ላይ ተኝቼ ነው ያደግሁት።» ይሄ እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ ዋጠው። አባስም አልጠየቀም፤ እሱ እንደሆነ የጠፋ ቁልፍ ያገኘ ያህል ደስ ብሎታል።

በማግስቱ አባስ ጋሽ አራጋው ዘንድ ሄዶ የፈተናው ዕለት ጠዋት ወፍጮውን ለአፍታ እንዲያቆሙለት ለመናቸው።

«ወፍጮ እንደ ሬድዮ የሚዘጋ የሚከፈት መሰለህ?» አሉ ጋሽ አራጋው። «ድንጋዩ እህል ነክሶ ከቆመ ሞተሩ አይነሳም። መጀመሪያ ውስጡ ያለውን ማስጨረስ አለብኝ። ወረፋ የያዘው ሴት ሁሉስ ምን ይለኛል?»

«ጋሼ፣ አንዲት ደቂቃ ብቻ። ወላሂ፣ ዓመቱ ሊቃጠልበት ነው።»

ጋሽ አራጋው ዱቄታም እጃቸውን ራሳቸው ላይ አሳረፉ። ቆጣ ይላሉ እንጂ ክፉ አይደሉም። «ሐሙስ፣ አሥራ ሁለት ተኩል» አሉ በመጨረሻ። «ግን ሥራ እንዳታስለምደኝ።» ለደርበው ግን አልነገሩትም፤ ካወቀው አይሠራም ብሎ አባስ ሰጋ።

ሐሙስ ጠዋት አባስ ለሥርዓቱ ያህል ጠራው፣ ነቀነቀው፣ ተወው። ወፍጮ ቤት ደግሞ ወሬው ደርሶ ሴቶቹ እየተጎሻሸሙ ይስቃሉ። የአንዷ ጤፍ ወርዶ እንዳለቀ ጋሽ አራጋው ማብሪያውን ወደ ታች መቱት። ድንጋዩ እየተንገዳገደ ቆመ። ደጅ የታሰረች አህያ ስታኝክ እስኪሰማ ድረስ ጸጥ አለ።

የግቢው በር ተበረገደ። ደርበው በባዶ እግሩ፣ በቁምጣ፣ ሴቶቹን እየገፋ ወፍጮ ቤቱ ገባ። ማንንም አላየም። ቀጥ ብሎ ጋሽ አራጋው ጋ ሄዶ ቀኝ እጃቸውን ያዘና እጅጌያቸውን እስከ ትከሻቸው ሰበሰበው። ከዚያ ግራውን። መልሶ ቀኙን አገላብጦ አየው።

«እጅዎ?» አለ። «እጅዎ አለ?»

ሳቁ ቀጥ አለ። «አለ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ አራጋው። «ሁለቱም አለ። ምነው? ምን ሆንክ?»

ደርበው ያን ጊዜ ነው በእውነት የነቃው። ዙሪያውን አይቶ ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። «ስምንት ዓመቴ ነበር» አለ፣ ለማን እንደሚነግር ሳያውቅ። «ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ የአባቴን ጋቢ ያዘው። ሦስት ጊዜ ጠሩኝ አሉ። እኔ እዚያው ጆንያው ላይ ተኝቼ አልሰማሁም። የነቃሁት ሰው መጥቶ ሞተሩን ሲያጠፋው ነው። ቀኝ እጃቸው ከክርን በታች ቀረ።»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አባስ የደርበውን ጫማና ጋዋን ታቅፎ በሩ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ ሆኗል። «ወላሂ አላወቅሁም» አለ። አፈረ፤ ራሱን ሊደበድብ ቃጣው።

«እንደሱ ያለውን በኋላ ትባባላላችሁ» አሉ ጋሽ አራጋው፣ ድምፃቸው ትንሽ እየሻከረ። «ተነስ አንተ። መኪናው አይጠብቅህም።»

ሮጠ። ለአንድ ሰዓት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ደረሰ። መምህርት ሙሉሃብት ሰዓቷን አየች፣ ከዚያ እሱን አየች፣ «ፊትህ ዱቄት ነው» አለችና በሩን ከፈተችለት። በመንገዱ ሁሉ፣ ታምር ነው፣ አልተኛም።

ብልባላ ሜዳው በከብት ተሞልቶ ጠበቃቸው። አቶ ደግሰው የቀኙን እጅጌ አጣጥፈው በመርፌ ቁልፍ ይዘዋል፤ በግራቸው የበሬውን ቀንድ ጨብጠው ከፊት ቆመዋል። ደርበው ሲወርድ አላቀፉትም፤ ዞር ብለው ለጎረቤታቸው «ያውልህ» ብቻ አሉ። ደርበው የበሬውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ወጋ። በሬው አልተወራጨም። መምህርት ሙሉሃብት ወረቀቷ ላይ ጻፈች፤ ሠላሳ ስምንት ከብት ሲከትብ አንዴም እንዲደግም አላዘዘችውም።

በምሳ ሰዓት አባትና ልጅ ከሜዳው ዳር ዋርካ ሥር ቁጭ አሉ። አቶ ደግሰው «ዛሬ ማን ቀሰቀሰህ?» ብለው ጠየቁት፤ የልጃቸውን እንቅልፍ ያውቁታላ።

«ወፍጮ ቆሞ» አለ ደርበው። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። የጋሽ አራጋውን እጅ እንዴት እንዳገላበጠ ሳይቀር።

አቶ ደግሰው የሣር ስንጥር ነቅለው ጥርሳቸውን ጎረጎሩ። «ያን ቀን ስጠራህ ምን እንዳልኩህ ታውቃለህ?» አሉ።

«በምን አውቃለሁ? ተኝቼ ነበር።»

«‹ደርበው፣ እንዳትጠጋ!› ነው ያልኩህ። ሦስቴም። ከነቃህ ጋቢውን ላስለቅቅ ብለህ እንደምትገባበት አውቃለሁ። ጋቢዬ ሲጎትተኝ የማየው ቺንጋውን አልነበረም፣ አንተን ነው። በዚያች እጅህ ብትገባ ኖሮ አሁን ይሄን በሬ ማን ይወጋው ነበር?»

ደርበው ወደ አባቱ ዞረ። «ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ሳይነግሩኝ?»

«አልጠየቅኸኝማ። እኔ ደግሞ የምታውቅ መስሎኝ።» አቶ ደግሰው ስንጥሩን ጣሉት። ግራ እጃቸውን በልጃቸው በተላጨ ራስ ላይ አሳረፉ። «እንኳን ተኛህ» አሉት።

ደርበው አለቀሰ። ሐፍረት አልተሰማውም፤ አሥራ ሁለት ዓመት የተሸከመው ነገር ነው። ዓይኑን በጋዋኑ እጅጌ ሲጠርግ የጠዋቱ ዱቄት ፊቱ ላይ ሊጥ ሆነና አባትየው ሳቁበት። እሱም ሳቀ።

ፈተናውን አለፈ። በዚያ ቅዳሜ፣ ቀትር ላይ፣ ደርበው ተኝቶ፣ አባስ ሻዩን እየጠጣ፣ መብራት ሄደ። ወፍጮው እያቃሰተ ቆመ። አባስ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ አልጋው ተነሳ። ከግድግዳው ወዲያ የጋሽ አራጋው ድምፅ ቀደመው፦ «ደርበው! መብራት ነው! ደህና ነኝ፣ ሁለቱም እጄ አለ!»

ደርበው ከወገቡ ትንሽ ተላወሰ። ወደ ግድግዳው ዞረና ጋቢውን እስከ ጆሮው ስቦ ማንኮራፋቱን ቀጠለ።

አባስ ትንሽ ጠበቀ። ጎንበስ ብሎ ፊቱን አየው፤ ተኝቷል፣ እውነተኛ እንቅልፍ። በጣቱ ጫፍ ግድግዳውን መታ መታ አደረገ።

«ጋሼ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አልነቃም።»

ከወዲያ በኩል «ተመስገን» አሉ ጋሽ አራጋው። ቀጥለውም «እንግዲህ ሰኞ በምን ልትቀሰቅሰው ነው?» ብለው ጠየቁት።