አያቴ ዘጠነኛ ክፍል የገቡ ዕለት

ልጅ እያለሁ ሱሉልታ ድርቆሽ ድርቆሽ ትሸት ነበር። ሣሩ ታጭዶ በሚከመርበት ሰሞን ካልሲያችን ላይ የተሰካው ስባሪ እስከ ክፍል ድረስ ይከተለናል። እኔ ደግሞ ዴስኬ ሥር ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ እለቅመው ነበር። ገበሬ ቤት መወለዴን ለመደበቅ ያላደረግኩት የለም።

ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት በማስተር ፕላኑ ጊዜ ነው። መሬታችን ወደ አዲስ አበባ ሊጠቃለል ነው ተብሎ ተማሪው እየወጣ ሲጮህ፣ ትምህርት ቤቱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን ይዘጋል። በሩ ላይ የፖሊስ ፒካፕ ቆሞ ይውላል። ከመምህሮቻችን አንዱ “ቢሮ ትፈለጋለህ” ተብሎ ወጥቶ አልተመለሰም።

የታሪክ አስተማሪያችን ቲቸር ደረሰ በዚያ መሀል የቤት ሥራ ሰጠን። “መጽሐፉ ላይ ነገሥታቱ አሉ። ከከተማው በፊት እዚህ የኖሩት ግን የሉም፤ እነሱን እናንተ ጻፏቸው” አለን። ሰባት አባቶቻችንን ከነመንደራቸው ጠይቀን እንድንመጣ ነው። ለአያቴ ለኦቦ ጉተማ ብነግራቸው “እኔው መጥቼ ብነግራቸው አይሻልም?” አሉ። ፊደል አልቆጠሩም፤ አባቶቻቸውን ግን እስከ አሥራ አንድ ያወርዱ ነበር። ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

በማግስቱ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጭቃ የያዘ ቦት ጫማቸውን እንዳደረጉ ሰሌዳው ፊት ቆሙ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አያቴ ግን መቁጠር ጀመሩ፤ ይህኛው ከወንዙ ማዶ፣ ያኛው አሁን ፋብሪካው ባለበት እያሉ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ተማሪው ሁሉ እየጻፈ ነበር።

ይሄኔ ርዕሰ መምህሩ ላብ በላብ ሆኖ ገባ። “አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ተማሪ ሰብስቦ ማናገር ተከልክሏል። ደረሰ፣ ቢሮ ትፈለጋለህ።” ያ ያልተመለሰው መምህርም የወጣው በዚሁ ቃል ነበር።

“ታኢ ማሎ፣ ቁጭ በል እንጂ ልጄ” አሉ አያቴ። “የማን ልጅ ነህ?”

በእኛ ዘንድ ይህ እንግዳን ማክበር ነው፤ አለመመለስ ነው ነውሩ። ርዕሰ መምህሩ በሩን እንደያዘ ቆጠረ። አራተኛው ላይ ቆመ። አንዱ ልጅ ሲስቅ አያቴ በትራቸውን አነሱበት።

“አይሳቅም! ካልነገሩት ከየት ያምጣው? አባትህ አሉ?”

“አሉ፤ ወሎ ናቸው።”

“እንግዲያው ደውልላቸዋ።”

ሰውየው ከነሱፉ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና አሥራ አንዱንም ሰማ። ከዚያ ወደ ግቢው በር ወጣ። በመስኮት ስናየው ከፖሊሶቹ ጋር እጁን እያወናጨፈ ያወራል። ዘበኛው በኋላ እንደነገረን “ትምህርት ላይ ናቸው፤ እኔም አብሬ እየተማርኩ ነበር” ነው ያላቸው። ፒካፑ ባዶውን ሄደ። ቲቸር ደረሰም እስከ ሰኔ አስተማረን። ያን ዕለት በአያቴ የተሰማኝን ኩራት እስካሁን የሚስተካከለው አላገኘሁም።

ዛሬ አያቴ የሉም። ሣሩ የነበረበት ሜዳ መጋዘን ሆኗል፤ ድርቆሽም በአይሱዙ ከሩቅ ነው የሚመጣው። እኔ ቡራዩ ታሪክ አስተምራለሁ። ግማሾቹ ተማሪዎቼ ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች ልጆች ናቸው፤ እነሱም ወላይታ፣ ጎጃም፣ ሐረር እየደወሉ አባቶቻቸውን ይጠይቃሉ። በአያቴ ያፈርኩት እኔ፣ በየዓመቱ አዲስ ክፍል ስገባ ራሴን የማስተዋውቀው እስከ አሥራ አንድ ቆጥሬ ነው። ልጆቹ “ቲቸር፣ ስምሽ ረዘመ” ይሉኛል። ይርዘማ!