አቶም ማለት ትንሽ ማለት አይደለም

ዛሬ ቆሰበር ከተማ፣ ሰርግ ላይ፣ አማቾቼና የልጅ ልጆቼ ፊት፣ አንድ ሽማግሌ ቁርጥ እየቆረጠ «አቶም! አሁንም አልረዘምክም?» ብሎ ጮኸብኝ።

በሃምሳዎቹ ዓመታት ዳንግላ ትምህርት ቤት አብሮኝ የተማረ ሰው ነው። አስተማሪያችን «አቶም ከሁሉ የሚያንስ ነገር ነው» ሲሉ፣ እሱ ከኋላ ወንበር ተነስቶ ጣቱን ወደኔ ቀሰረ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ከዚያ ወዲህ ክርስትና ስሜም የቤት ስሜም ተረሳ። ምስኪን እናቴ እንኳ ገበያ ላይ «የአቶም እናት» ተባለች። የወደድኳት ልጅም «አቶም» ብላኝ እየሳቀች አለፈች። ይቺ ናት እስከ ዛሬ ያልወጣችልኝ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ቂሜን ቋጥሬ ኖርኩ። ባለፈው ክረምት ፊዚክስ የምትማረው የልጅ ልጄ የቃሉን መነሻ ነገረችኝ። እኔም ለዚህ ቀን አስቀመጥኩት።

ዛሬ ብድግ አልኩና «አቶም ማለት ትንሽ ማለት አይደለም። በግሪክኛ የማይቆረጥ ማለት ነው» አልኩት።

አፉ በሥጋ እንደተሞላ ሳቀ። «ኋላ ፈረንጅ ቆረጠው አይደል እንዴ!»

«አዎ ቆረጠው። ሲቆርጠው ግን ከተማ ሙሉ ነደደ። ይልቅ ያንን ቢላዋ ወደኔ ሳታዞር ቁርጥህን ብላ።»

ድንኳኑ በሳቅ አውካካ። በዚህኛው ሳቅ ያልሳቀው እሱ ብቻ ነበር።

(እውነቱን ለመናገር፣ አሁንም አልረዘምኩም።)

እናንተስ? በልጅነታችሁ ማን ምን የሚል ስም አወጣላችሁ? እዚህ ጻፉልኝ፤ ትርጉሙን የልጅ ልጄ ትፈልግላችኋለች። ያወጣውን ሰው ቁርጡን ማሳወቅ ለኔ ተዉት።